ባለቁልፏና የውሃ ፓምፑ ስብሰባ

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የባለቁልፏን ሆድ ግን ያወጣው ብቅል መተዋ ነው። ስትጠጣ በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ሰው አልነቃባትም። ምስጢሯን ለሰፈሩ የዘረገፈችው ጠብታ ሳትቀምስ፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ የታጠበ ሹራብ ለብሳ በዋለችበት ቀን ነው። ሰካራም ሲቀባጥር "ስካሩ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ያልሰከረ ሰው ሲቀባጥር ማን ይምረዋል?

የምትሠራው ከአንድ ባለአምስት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ሥር፣ ከደረጃው ጎን በተለጠፈች ሱቅ ነው። ሱቅ ማለት እንኳ ማጋነን ነው። የቁልፍ መቅረጫው ማሽን፣ አንድ በርጩማና እሷ ከገቡበት ለዝንብም ቦታ አይተርፍም፤ ደንበኛ የሚቆመው ውጭ ነው። ሙያውን ያስተማራት ባሏ ነበር። እሱ የሞተ ጊዜ ማሽኑን ትሸጠዋለች ብለው የጠበቁ ብዙ ነበሩ። እሷ ግን ሐዘኑ ገና ሳይወጣላት ሱቁን ከፍታ ተቀመጠች። "ደግሞ ሴት ቁልፍ ትቀርጻለች?" ያሉት ሰዎች፣ ከገዛ በራቸው ውጭ ተቆልፎባቸው ሲቀሩ እየሮጡ የመጡት እሷው ዘንድ ነው።

ሕንፃው የራሱ የሆነ ልማድ ነበረው። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ትርፍ ቁልፍ ባለቁልፏ ዘንድ በአደራ ያስቀምጣል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩ የተዘጋበት፣ ወይም ልጁ ቁልፍ የጣለበት ሁሉ ወደ እሷ ይወርዳል። ቁልፎቹ ከመጋረጃ ጀርባ ባለ የእንጨት ሰሌዳ ላይ፣ በየምስማራቸው ተንጠልጥለዋል። ሌባ ቢገባ የትኛው የማን እንደሆነ እንዳያውቅ ስምም ቁጥርም አልተጻፈባቸውም። የሚያውቀው የእሷ ጭንቅላት ብቻ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ቤተሰብ ተማምኖ የሚተኛው በአንዲት ሴት ጭንቅላት ነበር።

ያ ጭንቅላት ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከጠዋት እስከ ማታ በነጭ መጠጥ ሲታጠብ ይውል ነበር። መጠጡን በውሃ ጠርሙስ ትገለብጠውና ከማሽኑ ጎን ታቆመዋለች፤ ደንበኛ እያየ ትጎነጨዋለች። "ውሃ ስትወጂ! እኔ እኮ በቀን አንድ ብርጭቆም አይወርድልኝም" ይሏታል። "ለኩላሊት ጥሩ ነው" ትላለች፣ ፊቷ ሳይፈታ። መጀመሪያ የጀመረችው ለእንቅልፍ ነበር፤ ቆይቶ ለእጇ ሆነ። ካልጠጣች እጇ ይንቀጠቀጣል፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተቀረጸ ቁልፍ ደግሞ ጥርሱ አይገጥምም። ለሥራዬ ስል ነው የምጠጣው ትል ነበር ለራሷ። ጠጪ ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ከሦስተኛ ፎቅ ጠሯት፤ ቁልፉ በሩ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። መሰርሰሪያዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ አንድ ፎቅ አስበልጣ ወጣች። በሩን ሰርስራ፣ ቁልፉን ነቅላ ጥላ፣ "ይኸው ተከፈተ!" እያለች ዘው ስትል፣ የአራተኛ ፎቁ ጡረተኛ ጭንቅላታቸው በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ ፎጣ አገልድመው ከመታጠቢያ ቤት ብቅ አሉ። ሕንፃው ለብዙ ቀን ሳቀ። እሷም "ደረጃ መቁጠር አቃተኝ" እያለች አብራ ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን ሳቁ ከፊቷ ላይ ወረደ። የመሰርሰሪያው ጫፍ እንጨቱን በስቶ ሲወጣ፣ ከበሩ ማዶ አንድ ሕፃን ቆሞ ቢሆንስ ኖሮ? ይህን አስባ ፈራች፤ ከልቧ ፈራች። በማግስቱ ሱቋን ሳትከፍት ጤና ጣቢያ ሄደች።

ነርሷ አልተቆጣችም፤ አልመከረችምም። "ብቻሽን በአንድ ጊዜ አታቁሚ፣ ሰውነት ይደነግጣል" ብላ ሐኪም ዘንድ አቀረበቻት። መድኃኒት ተሰጣት፤ እየተመላለሰች ታየች። ላቡም፣ ቅዠቱም፣ ማስመለሱም አልፎ እጇ ሲረጋ ነርሷ እንዲህ አለቻት፦

"ሰውነትሽ ተሻለው። አሁን የሚያስፈልግሽ ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መውጫ በኋላ በሰፈሩ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ መጠጥ የተዉና ለመተው የሚታገሉ ናቸው። ሰማያዊውን በር ግቢ።"

"ማስታወቂያ አለው?"

"የለውም። ሰዎቹ መታየት አይፈልጉም። ግን ታውቂዋለሽ፤ ወንበሮቹ ክብ ሠርተዋል፣ ጠረጴዛ ላይ ሻይ አለ፣ የሰዎቹም ፊት መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጨለም ያለ ነው። ዝም ብለሽ ግቢና ተቀመጪ።"

ነርሷ ያልነገረቻት ነገር ቢኖር፣ የአዳራሹ ሰማያዊ በር ሁለት መሆኑን ነው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ።

ሐሙስ ደረሰ። ባለቁልፏ በፊት ለፊቱ በር ገባች። ወንበሮቹ ክብ ሠርተዋል። ሻይ አለ። ፊቶቹም ጨልመዋል። ግን ፊቶቹን አንድ በአንድ ስታያቸው እግሯ ደፉ ላይ ደርቆ ቀረ። የአራተኛ ፎቁ ጡረተኛ እዚያ ናቸው። የሁለተኛ ፎቅ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበርም፣ ያቺ በየደረጃው "ቆሻሻ እዚህ አትጣሉ" እያለች የምትቆጣው ሴት፣ ዓይኗ ቀልቶ መሐል ላይ ተቀምጣለች።

ጉድ በል! አለች በልቧ። ሁላችሁም ናችሁ ለካ! ሊቀመንበሯ ዓይኗ በቀላ ቁጥር "ጉንፋን ነው" የምትለው፣ ለካ የእኔው ቢጤ ኖራለች! ሕንፃው ከላይ እስከ ታች የእሷን በሽታ ሲታመም፣ እሷ ብቻዋን ነኝ ብላ በጠርሙስ ውሃ ስታስመስል መኖሯ አንገበገባት። ወዲያው ደግሞ ፍቅራቸው ልቧን ሞላው። ያን ያህል ሰው ወድዳ አታውቅም። አንድ ሰው ሻይ ሰጣት፤ ሊቀመንበሯ "ከመጣሽ ተቀመጪ" አለቻት። አልተቀመጠችም።

"ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ" አለች። "እኔ ጠጪ ነኝ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ሱቄ ውስጥ እናንተ ፊት ስጠጣ ኖሬያለሁ። ያ ውሃ ውሃ አልነበረም። አባባ፣ የእርስዎን በር የሰረሰርኩ ቀን ደረጃ ተሳስቼ አይደለም፤ ሰክሬ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ትቼዋለሁ፤ ግን ይከብዳል። እናንተንም እዚህ በማየቴ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለካ ብቻዬን አይደለሁም።"

ጡረተኛው እጃቸውን ወደ ጭንቅላታቸው ሰደዱ፤ ሳሙናው አሁንም ያለ መስሏቸው ይሆናል። በመጨረሻ ሊቀመንበሯ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እኛ የተሰበሰብነው ለውሃ ፓምፑ ነው" አለች።

ሁልጊዜ የሚሰበሰቡበት የሕንፃው ደረጃ በዚያ ሳምንት ቀለም ተቀብቶ ገና አልደረቀም፤ ስለዚህ ስብሰባቸውን ወደ አዳራሹ አምጥተውታል። ፊታቸውን ያጨለመው የተቃጠለው ፓምፕ ነው። የሊቀመንበሯ ጉንፋንም እውነተኛ ጉንፋን ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን "ቀልዴን ነው" ብሎ ይሮጥ ነበር። ባለቁልፏም ፊቷ እሳት ሆነ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግን እግሯ ሳይነቃነቅ ሻይዋን እስከ ጭላጩ ጠጥታ ጨረሰች፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ "ለፓምፑም ቢሆን፣ ያልኩት ያልኩት ነው" ብላ ወጣች።

ወሬው ቀድሟት ቤት ገብቷል። አብራው የምትኖረው ታናሽ ወንድሟ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ከሞት ይልቅ የሰው አፍ የሚፈራ ሰው። በሩን ሲከፍትላት ፊቱ ዐመድ መስሏል።

"እትዬ፣ ምን ነካሽ? በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ! ማን ጠየቀሽ?"

"ማንም አልጠየቀኝም። በር ተሳስቼ ነው።"

"በሩንስ ተሳሳትሽ፣ አፍሽን ምን አስከፈተሽ? እንግዲህ ማን ቁልፉን ይሰጥሻል? እኔስ ነገ ከሰው ፊት ምን ብዬ ልቁም?"

"ቀጥ ብለህ ቁም" አለችው። "የጠጣሁት እኔ፣ የተውኩት እኔ። አንተን ምን አንቀጠቀጠህ?"

በማግስቱ ጠዋት ሊቀመንበሯ ሱቁ በር ላይ መጣች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህን መናገር ያስፈልጋል። ነገር እንዲስተካከል የምትወድ፣ የተጣመመ ምስማር ስታይ መዶሻ የምታነሳ ዓይነት ሴት ናት። ያን ቀን ይዛ የመጣችውም መዶሻ ነበር።

"ስሚኝ እህቴ፣ ሌሊቱን ሳስብበት ነው ያደርኩት። ትኩሳት ነበረብሽ። ትኩሳት ያቃዣል፤ የማይሆን ያናግራል። አንቺ ብቻ ለነዋሪው 'ትኩሳት ይዞኝ ነበር' በዪ፤ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ሰው ቁልፉን ከአንቺ ማንሳት አይፈልግም፤ ግን ሰበብ ስጭው።"

"ትኩሳት አልነበረብኝም።"

"እሱንማ አውቃለሁ።"

"ታዲያ እያወቅሽ?"

"ሁላችንም እያወቅን። እንዲህ ነው እኮ የሚኖረው!" አለች ሊቀመንበሯ።

ባለቁልፏ ይህን ነገር ለአፍታ አመዛዘነችው፤ አላመዛዘነችም ብል ውሸት ይሆንብኛል። አንዲት ትንሽ ውሸት ናት። ግን ያቺን ከዋጠች፣ ነገ ሌላ ቀን ሲከብዳት ለማን ትናገራለች? ትኩሳት ነበረብኝ ያለ ሰው ተመልሶ መጠጥ አማረኝ ማለት አይችልም። የውሃ ጠርሙሱ ተመልሶ ከማሽኑ ጎን የሚቆመው ያን ጊዜ ነው።

"እህቴ፣ ቁልፉን የሚወስድ ይውሰድ" አለች። "ስጠጣ አምናችሁኝ ኖራችሁ፤ ስተው ከፈራችሁኝ ምን አደርጋለሁ!"

መጡ። አንድ ሰሞን ሙሉ አንድ በአንድ መጡ፤ ማንም ግን እውነቱን አፍ አውጥቶ አልተናገረም። የአንደኛዋ አማች ሊመጡ ስለሆነ ትርፍ ቁልፍ ያስፈልጋታል። የሌላው በር ሊቀየር ነው። ባልና ሚስቱ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው "ለጊዜው ነው" አሉ። ጡረተኛው ብቻ፣ "ልጄ፣ ልጆቼ አስቸገሩኝ እንጂ እኔስ..." ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ። ለሁሉም መጋረጃውን ገልጣ የየራሳቸውን አውርዳ ሰጠች፤ አንዱንም ከሌላው አላምታታችም። በየምስማሩ ሥር ቁልፍ የነበረበት ቦታ፣ ፀሐይ ያልነካው የእንጨት ቀለም ብቻ ቀረ። ሊቀመንበሯ ግን የራሷን አልወሰደችም፤ የትኩሳቱን ነገር ገና ተስፋ አልቆረጠችበትም ነበር።

በሁለተኛው ሐሙስ ባለቁልፏ የኋላውን በር አገኘች። የሚያስገባው ወደ አዳራሹ የወንበር መጋዘን ነው፤ ገሚሱ በተደራረበ ወንበር ተይዟል፣ መስኮቱ በጋዜጣ ተሸፍኗል። ስብሰባውን የሚመሩት አንድ ሽማግሌ ጸጉር አስተካካይ ናቸው። ደንቡን ነገሯት፦ ስም አይጠራም፣ እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል፣ ውጭ ስንገናኝ አንተዋወቅም።

"ምስጢርሽ ከዚህ ክፍል አይወጣም ልጄ፤ አትፍሪ።"

"የእኔ እንኳን ወጥቷል አባባ" አለች። "ባለፈው ሐሙስ በፊት ለፊቱ በር ገብቼ ለውሃ ፓምፕ ኮሚቴው ነግሬያለሁ።"

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ሽማግሌው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ ይልቅ የሳቀው ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ቀጭን ሰው ነበር፤ መኪና መንዳት ያስተምራል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመጣ ከሰላምታ ሌላ ቃል ተንፍሶ እንደማያውቅ ኋላ ነገሯት። እንባውን በእጅጌው እየጠረገ፣ "ለፓምፑ! ለፓምፑ እኮ ነው የነገረችው!" እያለ አዲስ ሳቅ ይጀምራል። ባለቁልፏም ሳቀች። ካፈረችበት ቀን ወዲህ መተንፈስ የቻለችው ያኔ ነው።

ሳቅ ግን ሥራ አያመጣም። አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከሊቀመንበሯ ቁልፍ በቀር ሰሌዳው ባዶ ሆነ። ባለቁልፏ ሱቋን ዘግታ ወጣችና እግሯ ወደ ግሮሰሪው ወሰዳት። ከመስተዋቱ ፊት ቆመች። ነጩ ጠርሙስ ከነሥርዓቱ ተደርድሯል። አማራት። አፏ በምራቅ ሞላ፤ ደግሞም ተናደደች፤ በሰዎቹ፣ በባሏ ሞት፣ ከሁሉ በላይ ትኩሳት ነበረብኝ ባላለችው አፏ። ከዚያ፣ "እናንተ ቁልፋችሁን ስለወሰዳችሁ እኔ ራሴን ላስረክባችሁ?" አለች ጮክ ብላ። የግሮሰሪው ሻጭ ቀና ብሎ አያት። ፊቷን አዞረችና ወደ አዳራሹ ገሰገሰች።

የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ማንም ምክር አልሰጣትም። የመንጃ አስተማሪው ከጥጉ ተነስቶ ከኪሱ አንድ ቁልፍ አወጣና ወደ እሷ ዘረጋው።

"የቤቴ ነው" አለ። "ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው የምኖረው። አንቺ ዘንድ ይቀመጥ።"

ባለቁልፏ ግን እጇን አልዘረጋችም።

"አመሰግናለሁ ወንድሜ፤ አልቀበልም" አለች። "በጋዜጣ በተሸፈነ መስኮት ሥር ሁሉም ያምነኛል። እኔ የምሠራው መንገድ ዳር ነው። የምታምነኝ ከሆነ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ባለበት ና። ካልሆነ አዘኔታህን ይዘህ ተቀመጥ።"

ሽማግሌው ጸጉር አስተካካይ፣ "ኧረ ልጄ፣ ደንቡስ?" አሉ። አስተማሪው ቀልቶ ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ። መንጃ የሚያስተምር ሰው ጠጪ ነበር ቢባል ምን እንደሚከተል ለማንም ግልጽ ነው። ባለቁልፏ ወደ ቤቷ ስትሄድ አፏን ረገመች። አንድ ሰው ሊያምናት እጁን ሲዘረጋ እሷ ፈተና ታወጣለች!

በማግስቱ አልመጣም። እሷም አልጠበቀችም፤ ኧረ ጠብቃለች፤ ብቻ የምትጠብቅ እንዳትመስል ማሽኑን ዘይት ስትቀባ ዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት የሕንፃው ሰው ገበያ ሲወጣና ሲገባ፣ ሊቀመንበሯ ሱቁ ፊት ቆማ ነበር። "ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምለምንሽ" ስትል፣ ጣሪያዋ ላይ "ለማጅ" የሚል ሰሌዳ የተተከለባት ትንሽ መኪና እየተንገጫገጨች መጥታ ከሱቁ ፊት ቆመች። መሪውን የያዘችው የሊቀመንበሯ ሴት ልጅ ናት። ከጎኗ የመንጃ አስተማሪው ወረደ። እናትየውን ሲያይ ደሙ ከፊቱ ሸሸ፤ የተማሪዋ እናት እዚያ ትኖራለች ብሎ አልጠበቀም። ሊመለስ ይችል ነበር። መንገድ ለመጠየቅ የቆመ መስሎ መሄድ ይችል ነበር። ባለቁልፏም ዓይኗን ወደ ማሽኑ መለሰችለት፤ አላውቅህም፣ ሂድ ልትለው።

እሱ ግን ቀረበና ቁልፉን ከማሽኑ ጎን አኖረው።

"ይህን አደራ ያዢልኝ።"

"ደግሞ እናንተ ከየት ትተዋወቃላችሁ?" አለች ሊቀመንበሯ።

"ከጠጪዎች ስብሰባ" አለ። "እኔም እንደ እሷ ነኝ። ከተውኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ልጅሽን ያስተማርኳት ጠብታ ሳልቀምስ ነው፤ ካላመንሽኝ ግን አልፈርድብሽም።"

ደረጃው ላይ ዘንቢል የያዙ ሰዎች ቆሙ። ሊቀመንበሯ አስተካክዬ እመልሰዋለሁ የማትለው ነገር ሲገጥማት ምናልባት የመጀመሪያዋ ነው። ወደ መኪናው ዞራ፣ "ውረጂ!" አለች።

ልጅቷ እናቷን አየች፣ አስተማሪዋን አየች። ማርሹን ነጻ አደረገች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ሞተሩን አጠፋች፤ ልክ እንደተማረችው። ከዚያ ወረደች።

"የእኔንም ቁልፍ ስጭኝ" አለች ሊቀመንበሯ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ እንደማዘንም ብላ ነበር። ባለቁልፏ መጋረጃውን ገለጠች፣ የመጨረሻዋን ቁልፍ አውርዳ በመዳፏ ላይ አኖረችላት። በምትኩ የአስተማሪውን ቁልፍ ሰቀለች። በዚያ ሁሉ ምስማር መሐል አንድ ቁልፍ። ያን ሁሉ ዓመት ሰሌዳው ሙሉ ሲሆን ቁልፍ ከሰጧት አንዳቸውም የሚያምኑት ማንን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ይህ አውቆ ነው የሰጣት።

አስተማሪው ከልማዱ የተነሳ ሄዶ በተሳፋሪው በኩል ተቀመጠ። መሪው ላይ ሰው አለመኖሩን ያየው ቆይቶ ነው። ወረደ፣ ዞሮ መሪውን ያዘ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሷ ከሱቋ ሆና አየችው፤ ያን መንቀጥቀጥ ታውቀዋለች፤ የመጠጥ አይደለም። መኪናዋ ስትነሳ ባለቁልፏ ከሱቋ ወጥታ መንገዱ መሐል ቆመችና፣ መስኮት የከፈተውም ያልከፈተውም እንዲሰማ፣ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸችበት፦

"ሐሙስ እንዳትቀር!"